በአማርኛ የተነገረኝ ታርጋ

ስሟን ኢንሹራንስ ፎርም ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ከነስልኳ፣ ከነሰፈሯ፣ በገዛ እጄ። ማንም አላስገደደኝም። ሰው ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ መኪናዬን ገጭተውብኝ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን ይኼ ነው።

ጁባ፣ ታውን በሚባለው መሐል ከተማ፣ ምግብ ቤት አለኝ። ምሳ እየቋጠርኩ ለሦስት ቢሮዎች አደርሳለሁ፤ የምነዳውም ራሴ ነኝ። ሹፌር ቀጥሬ አይቻለሁ፣ አንዱ ሲያረፍድ ሌላው ከዘበኛ ሲጣላ ሰለቸኝና መሪውን ራሴ ያዝኩ። ቢሮዎቹ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ግቢያቸው አያስገቡም፤ ስለዚህ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ ነበር።

ቲማቲምና ሽንኩርት የምገዛው ካቶር ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከምትቸረችር ሴት ነበር። አገሯ እዚሁ ነው፤ ግን በልጅነቷ ከጦርነት ሸሽታ ጋምቤላ አድጋ፣ እዚያው ተምራ፣ ትልቅ ሰው ሆና ነው የተመለሰችው። አማርኛዋ ከአንዳንድ አስተናጋጆቼ አማርኛ ይሻላል። «እትዬ» ትለኝና ወዲያው «አንቺ» ትለኛለች፣ አንቱታ አልለመደባትም፤ እኔም እንደዚያው ደስ ይለኛል። ሁለት ሴት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። በተገናኘን ቁጥር የምናወራው በአማርኛ ነው። እሷ ስለ ድሮ ትምህርት ቤቷ ታነሳለች፣ እኔ በሽንኩርቱ እጨቃጨቃለሁ።

የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ቲማቲሜን ጭኜ ከጥጉ ስወጣ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና፣ መስታወቱ ጥቁር የሆነ፣ ከኋላዬ መጥቶ የኋላውን በር ይዞት ሄደ። መኪናዬ ዞራ አጥሩን ተደገፈች። የቢሮዎቹ ምሳ በሙሉ ተደፋ። ትከሻዬን ቀበቶው ሲይዘኝ የተሰበርኩ መሰለኝ። ነጩ መኪና ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። አሁን ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ። መስታወቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ፣ ተመልሶ ተዘጋ፣ ከዚያ ሳይቸኩል ሄደ። ያ አለመቸኮሉ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ሰው ተሰበሰበ። ታርጋውን ማን አየ ብዬ በአረብኛም በእንግሊዝኛም ጮህኩ። አላየንም አሉ። የከተማውን ወሬ ሁሉ የሚያውቁት ባለሞተሮቹ እንኳ መሬት መሬት አዩ። ያቺ ሴት መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለችና ድስቶቼን ታነሳልኝ ጀመር። ፊቷን ሳታዞር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቁጥሩን በአማርኛ ነገረችኝ። መዳፌ ላይ ጻፍኩት። ወይ እኔ! ሰው ማለት ይቺ ናት ብዬ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አቅፌ ሳምኳት። እሷ ቶሎ ተላቃ ቲማቲሟ ጋ ተመልሳ ተቀመጠች።

በማግስቱ ትራፊክ ፖሊስ ሄድኩ። መኮንኑ ጨዋ ሰው ነው፤ መንገዱን በማስመሪያ ሣለልኝ። ታርጋውን ስነግረው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በዓይንሽ አይተሽዋል ወይ አለኝ። ሰው ነው የነገረኝ አልኩት። «ያ ኡክቲ፣ ሲቡ» አለ፤ እህቴ፣ ተይው ማለቱ ነው። ከዚያ «ያልታወቀ መኪና» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታበት። አስተዋይ ሰው ቢሆን የማይነኩ ሰዎች መኪና መሆኑ እዚያው ይገባው ነበር። እኔ ግን ተይ ሲሉኝ የሚብስብኝ ሰው ነኝ፤ እየተቃጠልኩ ወጣሁ።

የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ክራቫት ያሰረ፣ ትሑት ወጣት ነው። ፎርሙ ላይ ለምስክር የተተወ ቦታ አለ። ካለሽ ሙዪው፣ ከሌለሽ ይለፈው አለኝ። ይለፈው! እኔ ያደግኩት ምስክር ያልተቆጠረበት ነገር እንደ ነገር በማይታይበት አገር ነው፤ ባዶ መስመር ካየሁ እጄ አያርፍም። ታርጋውን ጻፍኩ። ስሟን፣ ስልኳን፣ ጁባ ና ባሪ የሚባለው ሰፈር እንደምትኖር ጻፍኩ። እሷን መጠየቅ እንዳለብኝ በሐሳቤም አልመጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኔ መልቀሙም አልደረሰኝ።

በሌላው ቀን ቲማቲም ልገዛ ሄጄ፣ ኮራ ብዬ፣ ምስክሬ አድርጌ አስመዘገብኩሽ አልኳት። ቲማቲም እየደረደረች ነበር፣ እጇ ቆመ። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍሽው ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ምራቂ ሳትጨምርልኝ ሸኘችኝ፤ ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አኮረፈች ብዬ ተናደድኩ እንጂ ልቤ ሌላ አልጠረጠረም።

በማግስቱ ቦታዋ ባዶ ነበር። በሦስተኛውም ቀን ባዶ። ስልኳ አይሠራም። አጠገቧ የሚቸረችሩትን ብጠይቅ «ማ ፊ» አሉኝ፣ የለችም ማለታቸው ነው።

በአምስተኛው ቀን ሦስት ሰዎች ለምሳ መጡ። ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ጥብስ አዘው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ጥርግ አድርገው በሉ። አንደኛው ሒሳብ ሊከፍል እኔ ጋ መጣና ምግቡን አመሰገነ። ቀጥሎ ትከሻሽ ተሻለሽ ወይ አለኝ። ትከሻዬን እንዳመመኝ ከፎርሙ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ባንኮኒውን ያዝኩ። እሱ ፈገግ እንዳለ ጠየቀኝ፦

«ያቺ ቋንቋችሁን የምትናገረው ሴት፣ ጁባ ና ባሪ ነው አይደል ያለችው?»

ተሳስቼ ነው የጻፍኩት፣ ቤቷን አላውቀውም ብዬ ዋሸሁ። ማሌሽ፣ ግድ የለም አለና መልሱን ሳይቀበል ወጣ።

ወዲያው ኢንሹራንስ ደወልኩ። ጥያቄዬን ትቼዋለሁ፣ ወረቀቴን መልሱልኝ አልኩ። ልጁ ደስ ብሎት ጥያቄሽ ጸድቋል፣ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ምስክሯን አውጡልኝ ብዬ ለመንኩት። ፎርሙ ለሚመለከተው ክፍል ሁሉ ተልኳል፣ ይኼ የተለመደ አሠራር ነው አለ። ማን ነው የሚመለከተው ስለው እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ደገመልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ከእጅ የወጣ ወረቀትም ያው ነው።

ሞተር ተሳፍሬ ጁባ ና ባሪ ገሰገስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። እዚህ አገር የቤት ቁጥር የለም። ሰፈሯን ከፎርሙ አንብበዋል፣ ቤቷን ግን አያውቁትም። የጠየቀኝ እንድነግረው ሳይሆን ደንግጬ ወደ እሷ እንድሮጥ ቢሆንስ? ወረድኩ። ወደኋላ አየሁ፤ መኪናም ሞተርም ሞልቷል፣ ማን ማንን እንደሚከተል በምን ይታወቃል። ልመለስ አሰብኩ። ሳላስጠነቅቃት ብመለስና ቢደርሱባትስ? በገበያው መሐል ገብቼ፣ በአጥር ለአጥር ዞሬ፣ በእግሬ ደረስኩ።

ፍራሽና ሳፋ ራክሻ ላይ እየጫነች ነበር፤ ባጃጅን ነው እዚህ ራክሻ የሚሉት። ልጆቿ ከወዲሁ ተቀምጠዋል። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ በወደድኩ።

«እትዬ፣ በአማርኛ የነገርኩሽ እኮ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ብዬ ነው» አለችኝ። «ለአንቺ ብቻ ነበር።»

እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እንደምናወራው ያወራችኝ መስሎኝ ነበር። ይቅር በይኝ አልኩ፣ አለቀስኩ፣ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። የት ነው የምትሄጂው አልኳት። በትከሻዬ ላይ አሻግራ የመጣሁበትን መንገድ አየች፣ ከዚያ ልጆቿ አጠገብ ወጥታ ተቀመጠች።

አልነገረችኝም። ደግ አደረገች።