እንጉዳዩና ወንዙ

እናቴ «አትምጪ» ብላኝ አታውቅም። እሷ ሮቢት፣ እኔ ቆቦ ነን፤ ትናንት ሄጄ ዛሬ ብደውልላት እንኳ «ምነው ጠፋሽ» ነው የምትለኝ። ያን ሰሞን ግን ስልኩን አንስታ «ደህና ነኝ፤ ለጊዜው እንዳትመጪ» አለችኝ። ለምን ስላት ሥራ አለኝ አለች። ከእርሻ ከወጣች ስንት ዓመቷ፣ ደም ግፊት ያለባት ሴት፤ ምን ሥራ?

እኔ ድሮም አንድ ነገር ካሰብኩ መቀመጥ አልችልም፤ መተዳደሪያዬ ደግሞ ተቀምጦ መስፋት ነው። የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁት፣ መልሼ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት። የስፌት መኪናውን ትቼ ደሴ ላለችው አክስቴ ደወልኩ።

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ነጋዴ ናት፤ ምላሷ የማይሸጠው ነገር የለም። ገና ሳልጠይቃት፣ በቅርቡ ስትመጣ ለእህቷ የእንጉዳይ ዱቄት በቆርቆሮ ይዛላት እንደነበር ነገረችኝ። ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፤ ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ያስተካክላል፣ ጉበት ያጥባል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፣ ለጉልበትም አንደኛ ነው አለች። የማያድነውን ብትነግረኝ ይቀላት ነበር። እኛ ልጆች ሆነን ዝናብ ሲጥል ፋንድያ ላይ የሚበቅለውን እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» እያልን በእግራችን ስንለጋው ነው ያደግነው። ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ እንዲህ መከበሩ አናደደኝ።

ጤና ጣቢያ የማውቃት ሲስተር ነበረች፤ ሄጄ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። እንጉዳይ ጥሩ ምግብ ነው አለች፤ ለመድኃኒትነት ይሆናሉ ተብለው የሚጠኑ ዓይነቶችም አሉ፤ በኪኒን ፋንታ ግን ግፊት ይይዛል ብሎ የሚያዝ ሐኪም የለም። ከኪኒን ጋር ሲወሰድም ሊጋጭ ስለሚችል ለሐኪም ሳይነገር አይጀመርም አለችኝ። ከዚያ ዋናውን ነገር ጠየቀችኝ።

«ኪኒኗን እየዋጠች ነው?»

አላውቅም ነበር። በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ አልሞላም፤ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ከአንድ ሰው በላይ ጫነ፣ አሁንም «አንድ ሰው» ይላል። ወርጄ ልሄድ ስል አንዲት ሴት በቀሚሴ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

የእናቴ ቤት ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ከአሸዋማው ወንዝ ባሻገር ነው። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ያን ቀን ግን ደጋው ዘንቦ ስለነበር ደፍርሶ ይወርዳል። ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቴ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አብጧል።

«እዚያው ሁኚ» አለችኝ። «ወንዝ ተሻግረሻል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። መድኃኒት የወሰደ ሰው ቤት ወንዝ የተሻገረ ሰው ከገባ መድኃኒቱ ይረክሳል፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው። ሕጉ የሥርና የቅጠል መድኃኒት ነው፤ አክስቴም ስለ ወንዝ ትንፍሽ አላለችም። ለቆርቆሮው ሕጉን ያወጣችለት እናቴ ራሷ ናት። ሰው እንዳይገባባት ልጇን ሳይቀር ከልክላ፣ ጠዋት ማታ ዱቄቱን በጥብጣ ትጠጣለች። ኪኒኑን ስጠይቃት ትቸዋለሁ አለች፤ ሁለት መድኃኒት ባንድ ሆድ ይጣላል።

ደጅ ቆሜ ተከራከርኩ። ይሄ እንጉዳይ እኮ ወንዝ ብቻ ሳይሆን ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው አልኳት።

«ታሽጎ ነው የመጣ» አለች።

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈነዳ ነበር። ያን ቀን ግን ራስሽን ያምሻል ወይ ስላት መልሷ ሌላ ሆነ።

«መንገዱ የተዘጋ ጊዜ ኪኒኑ የት ነበር? አንቺ አይደለሽም ወይ በየፋርማሲው ዞረሽ ባዶ እጅሽን የመጣሽ? ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት፣ ወላሂ፣ መድኃኒት አይደለም። እኔ መዳን ነው የምፈልግ።»

በጦርነቱ ጊዜ በየፋርማሲው መዞሬ እውነት ነው፤ ባዶ እጄን መመለሴም። አዘንኩላት፤ ከማዘኔ በላይ ግን ፈራሁ። እዚያ በር ላይ ቆሜ እናቴን ላጣት ነው ብዬ አሰብኩ።

ገባሁ።

እግሬ እርጥብ ነበር፤ ጭቃው እስከ አልጋው ድረስ ታተመ። እናቴ እኔን ሳይሆን እግሬን አየች። ትረግመኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አረከስሽው» አለች፤ በቁጣ አልነበረም። ሻሿን እያጠበቀች፣ «በይ እንግዲህ ኪኒኑን አምጪው፤ ሳጥኑ ላይ ነው» አለችኝ። ቢስሚላሂ ብላ ዋጠችው።

በዚያው ቀን ቆቦ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር ግፊቷን ለክታ ደግማ ለካች፤ ሐኪም ጠርታ አስተኛቻት። እስኪወርድላት ድረስ ኮሪደሩን ስመላለስ ጥበቃው ተቀመጪ ብሎ ለመነኝ፤ አልቻልኩም። ወረደላት፤ ኪኒኗንም ቀጠለች። መንገዱ ቢዘጋስ የሚለው ጥያቄዋ ግን እኔ ላይ ቀረ። ኪኒኗ ሳያልቅ አስቀድሜ እገዛለሁ፤ ገዝቼም አልረጋም።

ከወራት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። አክስቴ ሌላ ቆርቆሮ ይዛ መጥታ ጓዳ እያስቀመጠች ነው። ከደሴ ድረስ ተሸክማልኝ እንዴት እምቢ እላታለሁ አለችኝ።

«ነገ ነይ» አለች። «ወንዙ ውኃ አለው፤ እግርሽን ሳታደርቂ ግቢ።»