ሳይጎግሊን የሚለው ቃል

ሳይጎግሊን። የልጅ ልጄ ይህን ቃል ከአፌ በሰማች ቁጥር "አባባ፣ ኢትስ ናት ኤ ሪል ወርድ" እያለች፣ እንዲህ ያለ ቃል የለም ብላ ትስቅብኛለች። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ጎማ የሚሠራልኝ የአገሬ ልጅም ያው ነው፤ መኪናዬን ገና ፓርክ ሳላደርግ "ጋሼ፣ የፊቱ ጎማ ዛሬም ሳይጎግሊን ሆነ?" ይለኛል። ይሳቁ። እኔ እንደሆነ አልተወውም።

ቃሉን ያስተማሩኝ እንግልውድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ስሠራ ገላቸውን የማጥባቸውና የማበላቸው ሽማግሌ ናቸው። የተወለዱት ከዚህ ሩቅ፣ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች መሃል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል እንጂ ከዓይናቸው የሚያመልጥ ነገር አልነበረም፤ እርሳስም ከጆሯቸው ላይ አይለይም።

እኔ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እንግሊዝኛዬን የለቃቀምኩት ከሥራ ነው፤ ስለዚህ መጠየቅ አላፍርም። አንድ ቀን የመስኮታቸውን ደፍ እያሳዩ "ሳይጎግሊን" ሲሉኝ፣ ምን ማለት ነው አልኳቸው። እርሳሱን አውርደው ደፉ ላይ አስቀመጡት። ተንከባለለና ወደቀ። ገባኝ። በወጣትነቴ ለግንበኛ ሲሚንቶ ሳቀብል ስለኖርኩ ቀጥታ የሚለኩባቸውን ውሃ ልክና ቱምቢ አውቃለሁ። ዝም ብሎ ጠማማ ማለት አይደለም። ዛፍ ቢጣመም ተፈጥሮው ነው። ሳይጎግሊን፣ እሳቸው እንዳሉኝ፣ ሰው ቀጥ አድርጌ እሠራለሁ ብሎ ያዘመመው ነገር ነው። የክፍላቸው በርም እንደዚያው ነበር፤ ብንገፋው ብንገፋው አልገጥም ይላል።

እኔ ታዲያ ፈረንጅ ሁሉ የሚያውቀው ቃል መስሎኝ በየሄድኩበት እናገረው ጀመር፤ ለካ የእሳቸው ተራራ ሰዎች ብቻ የሚሉት ኖሯል።

አንድ ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ የነርሶቹ አለቃና ሊትልተን የምትኖረው ሴት ልጃቸው አልጋው አጠገብ ቆመዋል። አለቃዋ ታስረዳለች። አባትሽ ትርጉም የሌለው ቃል ይናገራሉ፣ ስለ ክፍላቸው ስንጠይቃቸው ያንኑ ይደጋግማሉ፣ አእምሯቸው እየደከመ ስለሆነ በሩ ወደሚቆለፈው ፎቅ ይዛወሩ ትላለች። መፈረሚያው ወረቀት በልጅቱ እጅ ነው። ሽማግሌው መሬት መሬቱን ያያሉ።

"ቃሉ ትርጉም አለው" አልኩ።

አለቃዋ ዞር ብላ አየችኝ። "አንተ እኮ ባለፈው ስልጠና አስተርጓሚ ይምጣልኝ ያልክ ሰው ነህ።"

አልዋሸችም። "አዎ" አልኳት፤ "ዛሬ ግን አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ።"

"ትሪውን አስቀምጥና ውጣ።"

አስቀመጥኩ። አልወጣሁም። በዕድሜዬ አለቃ ውጣ ብሎኝ ያልወጣሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። "ይቅርታ አባቴ" አልኩ በአማርኛ፣ ጎንበስ ብዬ፤ ከትልቅ ሰው ጆሮ ላይ ዝም ተብሎ ዕቃ አይወሰድም። እርሳሱን አውርጄ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ተንከባለለና ወደቀ።

"ሳይጎግሊን ማለት ይህ ነው፤ አሁን ጠይቂያቸው" አልኳት ልጅቱን።

በሩን አሳየቻቸው።

"ሳይጎግሊን" አሉ።

"ግድግዳውስ?"

"ግድግዳው ደህና ነው።"

"አልጋውስ?"

"አልጋው ምን አደረገ?" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እጇ ቀሰሩ። "ያ ወረቀት ግን ሳይጎግሊን ነው።"

ልጅቱ አልፈረመችም። ብዕሩን ለአለቃዋ መለሰችላት።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ጠበቀኝ፤ ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል ይላል። ምክንያት ካለህ ከታች ጻፍ አለችኝ አለቃዋ። ምንም አልጻፍኩም፤ ፈረምኩ። እውነት ነዋ፣ አልተቀበልኩም። ዛሬም ቢሆን አልቀበልም።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አንድ ክረምት ከነበጋው ኖሩ። ያረፉት እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ነው፤ በሩም እንደ ልማዱ አልገጥም ብሎ ገርበብ እንዳለ።