በጠረጴዛ አረንጓዴ፣ በመስኮት ቀይ

ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ ፖሊስ ጣቢያ ያመጡኝ የመምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርኳቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው። የእስር ክፍሉ እግር መዘርጊያ የለውም፤ ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ደክሞኝ ስለነበር በተቀመጥኩበት አንቀላፋሁ።

ቤቴ ሲፈተሽ ጣት የምታህል መስታወት ተወስዳብኝ ነበር። ላይዋ ላይ ወርቅና ብር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ሆኖ የተበተነበት ስስ ሽፋን አለ። የሦስት ዓመት የምርምር ሥራዬ ናት። እነሱ የመሰለያ ዕቃ ናት አሉ።

በሦስተኛው ቀን ቤቴን የፈተሸው ፖሊስ ራሱ፣ ቀበቶውን አስፈትተውት፣ እኛ ክፍል ተገፍቶ ገባ። ቦታ የሚሰጠው ሲጠፋ እኔ ጠጋ አልኩለት።

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ያቺ መስታወትህ ናት። ጠረጴዛህ ላይ አይቼ አረንጓዴ ብዬ መዘገብኩ። የጣቢያው ኃላፊ ወደ መስኮት አንስቶ ቢያያት ቀይ። ኤግዚቢት ቀይረሃል አለኝ። መምህር፣ በማርያም፣ አረንጓዴ አልነበረችም?»

የክፍላችን ሽማግሌ፣ የቡኢው በርበሬ ነጋዴ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ዝም በል የኔ ልጅ። መዝገቡና ዕቃው ካልተገናኙ ማስረጃቸው ወደቀ። ትወጣለህ።»

እውነታቸውን ነበር። ፍራሼን ሳይቀር ለበረበረ ሰው ምን ዕዳ አለብኝ? ቀኑን ሙሉ ዝም አልኩ። እሱ ግን ጉልበቱን አቅፎ «አረንጓዴ ነበረች… መሰለኝ» ይል ጀመር። «መሰለኝ» ማለቱ ከበደኝ። ዓይኑ እኮ ልክ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው ሲያስጠራኝ መስታወቷን ለመንኩት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፤ አረንጓዴ። ወደ መስኮቱ አነሳኋት፤ ቀይ።

«ደቃቁ ወርቅና ብር ከብርሃኑ ከፊሉን ይመልሳል፤ አረንጓዴው እሱ ነው። ከፊሉን ይውጣል። አልፎ የሚመጣው ቀዩ ነው። ልጁም ልክ ነው፣ እርስዎም ልክ ነዎት።»

ሦስቴ አገላብጦ አያት። «እንግዲያው ከቤትህ የተያዘችው ይህችው ናት፤ ያንተ ናት።»

«የኔ ናት» ብዬ ፈረምኩ።

ፖሊሱ የዚያኑ ቀን ወጣ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ሽማግሌው «ሞኝ!» አሉኝና የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉብኝ። እኔ አምስት ወር ተቀመጥኩ።

መስታወቷ አልተመለሰችልኝም። አሁንም አስተምራለሁ፤ የብርሃን ምዕራፍ ላይ ስደርስ መስታወቷን በጠመኔ ሥዬ አልፋለሁ። ትጸጸታለህ ወይ ይሉኛል። አንዳንዴ አዎ፣ አምስት ወር ረጅም ነው። ግን ቤተ ሙከራ ገብቼ ተማሪዎቼን «ያያችሁትን ጻፉ» ስላቸው አላፍርም።