በሁለቱ ኒሞች መካከል የተወጠረው ገመድ

እኔ ድንጋጤ የማይስማማኝ ሰው ነኝ። ሌላው ሲደነግጥ ያለቅሳል፤ እኔ እቆጣለሁ። አባቴን አራት ሰዎች በአንገረብ፣ በዚያ በገመድ በተጠለፈው የቆላ አልጋችን፣ ተሸክመው በጠራራ ፀሐይ ሲያመጧቸው ያየሁ ዕለትም መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው።

በመተማ በቀን በአንገረብ የሚሄድ ሬሳ ብቻ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ማካፈል እያስተማርሁ ነበር። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ አንገረቡ ያልፋል፤ ከኋላው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይከተላሉ። ከአንገረቡ ጫፍ ላይ የሚወዛወዘውን በረባሶ አወቅሁት። ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ጭራሽ ጩኸቱን አቀለጡት። ደረቴን ልመታ እጄን ሳነሣ የአባቴ ራስ ከአንገረቡ ብድግ አለ።

"ኧረ ተይ፣ አልሞትሁም" አሉ። "ይልቅ ውኃ አምጭልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ሰሞን ማስ ስፖርት የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። አብዮቱ ጤነኛ ሕዝብ ይፈልጋል ተባለና ሽማግሌ ጎረምሳ ሳይለይ ሁሉም ሜዳ ውጣ ተባለ። የሚያሠራው ልጅ ከደጋ የመጣ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ የመተማን ፀሐይ ገና ያልተዋወቃት ነበር። ረፋዱ ላይ፣ አህያ እንኳ ጥላ ፍለጋ በምትሄድበት ሰዓት፣ ሽማግሎቹን አሰልፎ አስሮጣቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰሊጥ አጫጆች አለቃ ሆነው ሰው ሲመሩ የኖሩ ናቸውና ከኋላ መቅረት ለእሳቸው ሞት ነው። ሮጡ፤ ሮጡና ወደቁ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ሜዳ ውጣ ያለ አልነበረም። የአባቴ ጉልበት ግን እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ።

በኛ አገር ያረጀ አባት ከአንገረቡ አይነሣም። ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይዘረጋለታል፣ ውኃው እጁ ድረስ ይመጣለታል፣ እግሩ ይታጠብለታል። ራሱ ተነሥቶ ከእንስራው የቀዳ እንደሆነ ጎረቤቱ "ልጅ የለውም ወይ?" ይላል። እናቴና እኔም በፍቅር አስተኛናቸው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ በጆንያ ሞልቶ እስኪጫን ድረስ ተኙ። አንድ ቀን ላጥባቸው እግራቸውን ስይዝ ክው አልሁ። ያ ከማሳ ማሳ ሲያቋርጥ የኖረ ባት አልቆ ቆዳ ብቻ ሆኗል። ደግፌ ላቆማቸው ብሞክር ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠና ተመልሰው ዘፍ አሉ።

"እንዲህ ተጋድሜ፣ ልጀን ሳላየው ልሞት ነው" አሉ።

እናቴ ፊቷን አዞረች። ልጄ ያሉት ወንድሜን ነው። ወጣት እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ በሚጋዝበት ጊዜ ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል፤ ገዳሪፍ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ይኖራል ሲባል ሰምተናል። ድንበሩ ከደጃፋችን ይታያል፤ ግን ማለፍ ክልክል ነው፣ ሲሻገር የተያዘ ሰው መዘዙ ለቤተሰቡም ይተርፋል። ስለዚህ እቤታችን የወንድሜ ስም አይነሣም። ሰው ሲጠይቀን "ጎንደር አክስቱ ዘንድ ነው" እንላለን። አባቴ ያሉትንም የሕመም ቃል ነው ብለን ተውነው።

የክሊኒኩን ድሬሰር ለምኜ ቤት ድረስ አመጣሁት። መርፌ ይወጋል ብዬ ስጠብቅ የአባቴን እግር አገላብጦ፣ ትንፋሻቸውን አዳምጦ ወደ እኛ ዞረ።

"በሽታቸው መተኛት ነው" አለ። "ከነገ ጀምሮ ቀስ እያሉ ይነሡ፣ ይቀመጡ፤ ደግሞ ይነሡ፣ ይቀመጡ። ሩጫ የሚባል ግን አይታሰብም።"

እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። "የታመመ ሰው ተነሥ ተቀመጥ ይባላል? ምን ጉድ ነው የመጣብን?" አለች እሱ ሲወጣ። እውነቱን ለመናገር እኔም ኪኒን የማያዝ ሐኪም አይቼ አላውቅም ነበር። አባቴ ግን ዐይናቸው በራ።

"ጎንደር እህቴ ዘንድ መሄድ አለብኝ" አሉ። "የጭነት መኪናው ላይ በገዛ እግሬ ነው የምወጣ። እንደ ሰሊጥ ጆንያ አልጫንም።"

በማግሥቱ ጀመርን። አንገረብ መሀሉ የሰረጎደ ስለሆነ ከእሱ መነሣት ጎበዙንም ያታግለዋል። ድሬሰሩ እንደመከረን ከሥራቸው ሰሊጥ የሞላ ጆንያ አደረግንላቸውና ከፍ ብለው ተቀመጡ። መጀመሪያ እኔን ይዘው ተነሡ፤ ኋላ የበሩን መቃን ይዘው፤ ጉልበታቸው ሲጠና ደግሞ ጆንያውን አስወጡኝ።

ቀጥሎ ገመዱ መጣ። የሰጡን ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ ባለ ሱቅ፣ የአባቴ የጉርምስና ባልንጀራ። የግመል ጭነት ማሰሪያ ነበር። በግቢያችን ባሉት ሁለት ኒሞች መካከል በአባቴ ወገብ ልክ ወጠርነው። አባቴ በአንድ እጃቸው ገመዱን፣ በሌላው ከዘራቸውን ይዘው ከኒም ወደ ኒም ይመላለሱ ጀመር። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ውኃ ጠጥተው፣ የሚያንሸራትተውን ነጠላ ጫማ ትተው ባለ ማሰሪያውን በረባሶ አጥልቀው ነው የሚሄዱት። ድሬሰሩ "እየሄዱ ማውራት ካቃተዎት ይቁሙ" ብሏቸዋል። ብቻውን የሚያወራ እብድ እንዳይባሉ ዳዊት እየደገሙ ሄዱ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው መዝሙሩ ይቋረጣል፤ መዝሙሩ ሲቋረጥ ቆመው ገመዱን ይደገፋሉ። ሐጂ ከአጥሩ ማዶ ለስግደት እጅ እግራቸውን እየታጠቡ፣ ውዱእ እያደረጉ ያዳምጧቸዋል።

"ዛሬ ዳዊትህ ቶሎ ቆመሳ" ይላሉ። "ወላሂ፣ ትናንት ይሻል ነበር።"

"አንተ ስግደትህን ስገድ" ይላሉ አባቴ። "በቀን አምስቴ እየወደቅህ እየተነሣህ ባይሆን አንተስ መቼ ከኔ ትሻል ነበር።"

ጎረቤት ዝም አላለም። "አባቷን አዝላ ማኖር ሲገባት እንደ በቅሎ ትገራቸዋለች" ተባልሁ። ብመልስ ኖሮ መንደሩ አይበቃኝም ነበር። እናቴም ከዚያ አትሻልም። ራሷ ከበርጩማ ስትነሣ መላእክቱን ሁሉ በየስማቸው የምትጠራው ሴትዮ "በስተርጅና ልጅነት" እያለች ታሽሟጥጣለች።

ከዚያ አባቴ "ድንጋይ አምጭልኝ" አሉ። ከኒሙ ሥር የማይነቃነቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥሁ፤ ግንዱን ይዘው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እሱን ሲለምዱ ከፍ ባለ አስለወጡኝ።

"መቼም ይበቃል፣ አባባ" አልኋቸው።

"መውጫው ከዚህም ይበልጣል" አሉ። የመኪናውን ማለታቸው መሰለኝ።

አንድ ማለዳ ከቤት ስወጣ አባቴ ገመዱን ለቀው ይሄዳሉ። "አባባ፣ ገመዱን ይያዙ" ብዬ ጮህሁ። ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። ከዘራቸውን ብቻ ይዘው ከኒም ኒም ደረሱ፤ መዝሙሩም አልተቋረጠም። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ያን ጊዜ እንኳ አልተቆጣሁም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፣ አንድ ቀን ስነቃ ዳዊት አይሰማም። አንገረቡ ባዶ ነው። በረባሷቸው የለም፣ ከዘራቸው የለም፣ የውኃ ቅላቸውም የለም። ሳይሰናበቱን ጎንደር ሄዱ ብዬ እየተናደድሁ ወደ መኪና መቆሚያው ገሰገስሁ። ረዳቱን ስጠይቀው "ዛሬ ወደ ጎንደር የወጣ መኪና የለም" አለኝ። ቆሜ ቀረሁ። ከቆምሁበት የድንበሩ ድልድይና ጠባቂዎቹ ይታያሉ፤ ወዲያ ዝቅ ብሎ ደግሞ ደረቁ ወንዝና ሰው ደረት የሚደርስ አፋፉ። ያን አፋፍ ሳየው ድንጋዮቹ ትዝ አሉኝ። መንገዱ ዳር ተቀመጥሁ። እኔው በገዛ እጄ እየመረጥሁ ያስቀመጥኋቸው ድንጋዮች ናቸው።

ቤት ገብቼ ወደ ወንድሜ መሻገራቸውን ለእናቴ በሹክሹክታ ነገርኋት። እሷም አታውቅም ነበር።

"በዚያ እግር?" አለች።

ለጠየቀን ሁሉ "ጎንደር እህታቸው ዘንድ ሄዱ" አልን። "እሰይ፣ በእግራቸው ለመሄድ በቁ" አሉን፤ ያሙኝ የነበሩትም ጭምር። እኛ ግን የተኩስ ድምፅ በሰማን ቁጥር እንተያያለን። ዝናቡ ጀመረ፣ ወንዙ ሞላ፣ ወሬ የለም። ተይዘው ነው፣ ወይም አንዱ ቁጥቋጦ ሥር ወድቀው ነው እያልሁ ስንቱን አሰብሁ።

ከዚያ ሐጂ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ሱቃቸው ያለው ሸቀጥ በየት በኩል እንደሚመጣ ማንም አይጠይቃቸውም፤ ወሬውም በዚያው መንገድ ነው የመጣው።

"ደርሷል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አፋፉን ማንም ሳይደግፈው ወጣ። ከዚያ ማዶ መኪና አግኝቶ ገዳሪፍ ገባ። ልጁ በር ላይ ቁሞ አላወቀውም አሉ። አባትህ አልጋ ላይ ቀሩ ሲባል ሰምቶ ኖሮ፣ የኔ አባት እንዲህ ቀጥ ብለው አይሄዱም ብሎ ሊመልሰው ነበር።"

"ሐጂ፣ አንቱ ያውቁ ነበር?" አልኋቸው፤ ንዴቴ ተመልሶ መጣ።

"ገመዱን ማን ሰጠሽና" አሉና ወደ ሱቃቸው ገቡ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፣ እልልም አላለችም። በማግሥቱ ማለዳ የገመድ ሲጥ ሲጥ ስሰማ አባቴ የተመለሱ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። እናቴ ናት። የአባቴ ወገብ ለእሷ ደረቷ ድረስ ይመጣል፤ በሁለት እጇ፣ ክርኗን ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። እግሯ ላይ ባለ ማሰሪያ ጫማ አድርጋለች፤ ከማን እንደተዋሰችው እንጃ።

"ይኸን ገመድ ዝቅ አርጊልኝ" አለች።

"ለምን?"

"እኔም ጎንደር ነው የምሄድ።"

ያን ጊዜ መቆጣትም ማልቀስም አልመጣልኝም። ቋጠሮውን ፈትቼ ዝቅ አድርጌ አሰርሁላት።