ሁለት ቀዳዳ ያለው አንበሳ

በበረሃ ስለተዘረፈ የአደን ሰፈር የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ የተዘረፉት እነሱ ናቸው። «እኔ ከአንድ አዳኝ ሰፈር ድንኳን ወስጄ ነበር» ብሎ ወሬውን የጀመረ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም ሆኜ ስለማውቅ፣ ነገሩን ከሁለቱም ወገን መናገር የምችል ይመስለኛል።

ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው ነበርሁ። ከጊዮርጊስ በታች በአንድ ግሪክ ነጋዴ መደብር ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ፈረንሳይኛ ማንበቤን ቤተሰቤ ያውቃል፤ ስለዚህ ለሌላ ነገር እንደማልረባ ተስማምተውበታል። የእህቴ ባል ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበር። አራዳ ገበያ አጠገብ በሚገኝ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ የመኳንንት ካባ ይሰፋል። እጁ የተመሰከረለት ነው። አባቴ ግን የድሮ ወታደር ስለነበሩ ለመርፌ ግምት የላቸውም። በእሳቸው ቤት የፋሲካ ምሳ ላይ ሰው የሚቀመጠው በገደለው አውሬ ልክ ነበር። ዝሆን የገደለ ከላይ፣ አንበሳ የገደለ ከእሱ ቀጥሎ፣ ምንም ያልገደለ ደግሞ ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ። ከምሳ በኋላ ገዳዮቹ በየተራ ተነሥተው ይፎክራሉ፤ በር አጠገብ ያለው ያዳምጣል።

የእህቴ ባል ስድስት ፋሲካ በር አጠገብ በላ። ሥጋው እሱ ዘንድ ሲደርስ ጅማት ብቻ ሆኖ ነው። እኔም ጎኑ ነበርሁ፤ እኔ ግን ልጃቸው ስለሆንሁ የእኔ ነገር እንደ ዕጣ ፈንታ ተቆጥሮ ተትቷል። እሱ ልጃቸውን አግብቶ ነው በር አጠገብ የተቀመጠው። እህቴ ሳህን ይዛ በፊቱ ስታልፍ ዐይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።

በሰባተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ አንበሳ ለመግደል ቆረጠ። አንድ አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃና ድንኳን ተዋሰ፤ እኔን ሰፈር ጠባቂ አድርጎ በባቡር ወደ አዋሽ ወረድን። እዚያ አንድ የአገሩን ሰው መንገድ መሪ አድርገን ያዝን። ጦር እንጂ ጠመንጃ የለውም፤ የሚናገረውም ስኳር ሲፈልግ ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ሁለቱ የአንበሳ ቆዳ ተሸክመው መጡ። ጎፈሩ ጥቁር፣ ቁመቱ ከበረንዳው ወንበር እስከ ሱቁ በር የሚደርስ። የእህቴ ባል ታሪኩን ሦስት ጊዜ ነገረኝ፤ ሦስቱም ጊዜ ተኩሶ ጣለው። መንገድ መሪው እሳት እየሞቀ ስኳሩን ይቅማል። ከዚያ የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራውን ሥራ ሠራ። ቆዳው ላይ ቀዳዳ አይቶ ማለፍ ስላልቻለ መርፌና የሐር ክር አውጥቶ የቀረውን ቀን ሲሰፋ ዋለ። ሌላ ገዳይ ቢሆን ቀዳዳውን ለሰው ያሳይ ነበር።

በማግስቱ መንገድ መሪው ለቆዳው ጨው አመጣለሁ ብሎ ወደ መንደሩ ሄደ። የእህቴ ባል ደግሞ ለአባቴ ቴሌግራም ሊያስመታ ወደ ባቡር ጣቢያው ገሠገሠ። «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» አለኝ።

«ወዴት እሄዳለሁ ጋሼ» አልሁት።

ከወንዙ ማዶ አንድ ፈረንጅ አዳኝ ትቶት የሄደ አውቶሞቢል መኖሩን ሰምቼ ነበር፤ ወደዚያ ሄድሁ። አውቶሞቢሉ ግራር ሥር ቆሟል። የአገሩ ሰው ቀድሞኝ ኖሮ አራት እግሩን ወስዶ በድንጋይ ላይ አስቀምጦታል፤ መብራቶቹም የሉም። መቀመጫው ሥር ግን በፈረንሳይኛ የተጻፈ የንብ እርባታ መጽሐፍ ነበር። የማይፈለግ ቢሆን ነው የተወው ብዬ አሰብሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ስለ አውራ ንብ ሁለት ምዕራፍ አነበብሁና መጽሐፉን ብብቴ ሥር አድርጌ ተመለስሁ። ሰፈራችን ስደርስ ድንኳን የለም፣ ቆዳ የለም፣ ስኳር የለም። ያለ ሰው የተተወ ዕቃ ስለሚወስዱ ሰዎች በጣም ተናደድሁ።

መጽሐፉ አሁንም አለኝ። ጥሩ መጽሐፍ ነው።

አዲስ አበባ ስንገባ ቴሌግራሙ ቀድሞን ደርሷል። አባቴ በግ አርደው እንግዳ ሰብስበዋል። የእህቴ ባል ባዶ እጁን በር ላይ ቆመ።

«አንበሳው የታለ?» አሉት።

«ተሰረቀ፣ አባባ።»

«በሕይወት ሳለ ነው ከሞተ በኋላ?»

እንግዶቹ ሳቁ። አንዱ ጎረቤት ቅልጥም እየጋጠ «በቴሌግራም የሚሞት አንበሳ እኛ ዘመን አልነበረም» አለ። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና «ከቤቴ ውጣ አልልህም፤ የልጄ ባል ነህ። ገዳዮች በሚናገሩበት ስፍራ ግን ከእንግዲህ አፍህን እንዳትከፍት» አሉት። እህቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህቴ ባል ለምንም ነገር ግድ አልነበረውም፤ የሚፈልገው ያን ቆዳ ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ከጊዮርጊስ በኩል ፉከራ ሰማን። አንድ ሰው ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ የአንበሳ ቆዳ ለብሶ፣ ጦሩን እየሰበቀ ይመጣል፤ ከኋላው ሕዝብ ይከተለዋል። መንገድ መሪያችን ነበር። እኛ ዘንድ ስኳር ከመጠየቅ በቀር ያልተናገረ ሰው አሁን አፉ አይዘጋም።

የእህቴ ባል ጣቱ ላይ የሰፊ ቀለበቱን እንዳደረገ ዘልሎ ወረደ። «በሕግ አምላክ!» አለና የኩታውን ጫፍ ከሰውዬው ኩታ ጋር ቋጠረ። በዚያ ዘመን አንዴ ከተቋጠሩ ዳኛ ሳይናገር መፍታት የለም፤ ዳኛ ደግሞ በመንገድ የሚያልፍ ማንኛውም የተከበረ ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ጥላ ይዘው በበቅሎ ሲያልፉ ሁለቱም ልጓሙን ያዙ።

«በንጉሥ አምላክ ይዳኙን!»

«ለቅሶ ልደርስ ነው የምሄደው ልጆቼ።»

ከሕዝቡ መካከል አንዱ «ሟቹ አይቸኩልም፣ ይውረዱ» አላቸው። ወረዱ። በንጉሥ ስም የተጠራ ሰው እምቢ አይልም። የበረንዳው ወንበር ቀረበላቸው። አባቴም ወሬውን ሰምተው መጥተው ከሕዝቡ ጋር ቆመዋል።

የእህቴ ባል ቆዳው የእሱ ስለመሆኑ ስፌቱን ምስክር አድርጎ አሳየ። ሽማግሌው መንገድ መሪውን ጠየቁት፤ «ሰርቀሃል?»

«አልሰረቅሁም ጌታዬ። የራሴን ዕቃ ጠባቂ የሌለው ቦታ አገኘሁት፤ አነሣሁት።»

«ድንኳኑስ?»

«ቆዳውን የምጠቀልልበት አልነበረኝም።»

«ስኳሩስ?»

«መንገዱ ሩቅ ነው ጌታዬ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠባቂው አንተ ነህ? የት ነበርህ?»

«ከወንዙ ማዶ መጽሐፍ አነብ ነበር።»

«የማንን መጽሐፍ?»

ይህ ጥያቄ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ዛሬም አይገባኝም። «በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው» ስላቸው ተዉኝ።

መንገድ መሪው ክርክሩን ቀጠለ። የአደን ሕግ የታወቀ ነው፤ አውሬው መጀመሪያ ላቆሰለው ሰው ነው፣ ማንም ይጨርሰው። «ጦሬ ቀድሟል። እሱ የተኮሰው ወድቆ ሲያቃስት ነው» አለ። የእህቴ ባል በበኩሉ ጥይቱ እንደቀደመ ማለ። ያየ ሌላ ሰው የለም። ሽማግሌው ቆዳውን ገልብጠው በፀሐይ አስዘረጉና መነጽራቸውን አደረጉ። ትከሻው ላይ ክብ ቀዳዳ በወፍራም ስፌት ተሰፍቷል፤ ከሩቅ ይታያል። ሌላ ቀዳዳ ግን አላገኙም። መንገድ መሪው ጣታቸውን ይዞ ጎኑ ላይ አስቀመጠው። ብዙ ጊዜ ዳበሱት። ከውስጥ በኩል፣ በሐር ክር፣ ጠጉሩ ሳይቀር ተገጣጥሞ የተሰፋ አንድ ስንዝር የሚያህል የጦር ቁስል ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ስፌት አላየሁም።

«ይህስ?» አሉት።

«እሾህ ይዞት ነው።»

«የጥይቱን ለምን እንዲህ አልሰፋኸውም?»

የእህቴ ባል የሰፊ ቀለበቱን በጣቱ ላይ አዞረ።

«ጦሩ ኋላ የመጣ ቢሆን ትደብቀው ነበር?»

የእህቴ ባል አባቴን አየ። ከዚያ የሰፊ ቀለበቱን ከጣቱ አወለቀና «ጦሩ ቀድሟል» አለ። አራዳ ውስጥ ሕዝብ ጸጥ ሲል ያን አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ሽማግሌው ቆዳውን ለመንገድ መሪው፣ ድንኳኑን ለእኛ ፈረዱ፤ የሁለቱን ኩታ ፈትተው ለመሄድ ተነሡ። አባቴ ቀድመው ሄደዋል። መንገድ መሪው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ቀርቷል» አለ። «የጥይቱንም እንደዚያኛው አድርጎ ይስፋልኝ። አገሬ ስገባ ሰው ይጠይቀኛል።»

ሽማግሌው በቅሎዋ ላይ ሆነው ትንሽ አሰቡና «ይስፋለት» አሉ።

የእህቴ ባል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ወፍራሙን ክር ፈታ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሰፋ። ገበያተኛው ከብቦት ያያል። ሲጨርስ መንገድ መሪው ቀዳዳውን ፈልጎ አጣው። በጣም ተደስቶ ፉከራውን ካቆመበት ቀጠለ።

በእህቴ ባል ላይ የሚነሣው ፌዝ ቢያንስ እስከ ክረምት ይቆያል ብዬ ነበር። ሳምንት አልቆየም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ስመ ጥር ገዳይ አሽከሩን በጆንያ የታሰረ ነገር አስይዞ ላከ። ጆንያው ውስጥ የአንበሳ ቆዳ ነበር፤ ጀርባው ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለቱም የተለያየ ጠመንጃ የበሳቸው። ቀጥሎ ሌላ መጣ፤ የዚህኛው ቀዳዳ የጦርም የጥይትም አይደለም፤ ወጥመድ የያዘው ይመስላል። ጾሙን ሙሉ ቆዳ ሲመጣ ከረመ። አንዳንዱ ባለቤት ራሱ ይመጣና «ብል በልቶት ነው» ይላል። የእህቴ ባል ቀዳዳውን ያያል፣ ባለቤቱን ያያል፣ «ለሐሙስ ይደርሳል» ይላል። አንድም ቀን ለእኔ እንኳ የማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔ ግን እዚያው ስለምቀመጥ ጆንያዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የመጡት ከአባቴ ገበታ ከላይኛው ወገን ነው። አንበሳ የመግደል ጀግንነት በአራዳ ብዙ ሰው ለአንድ ሰው የሚተባበርበት ሥራ መሆኑን የተማርሁት ያኔ ነው።

ፋሲካ ደረሰ። የእህቴ ባል እንደ ልማዱ በር አጠገብ ሊቀመጥ ሲል አባቴ ከላይ ሆነው «አንተ፣ እዚህ ና» አሉት። አጠገባቸው ያለው ዝሆን ገዳይ ሳይነገረው ተጠጋለት። እህቴ የመጀመሪያውን ሥጋ ለባሏ አቀረበች፤ ዐይኗንም አላዞረችም። እሱ ቀና ብሎ በዙሪያው የተቀመጡትን አንድ በአንድ ሰላም አለ፤ አንድ በአንድ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው መለሱለት። ምሳው ሲያልቅ አባቴ «በሉ እንግዲህ፣ ማን ይነሣል?» አሉ።

አንዱ ሆዴን አሞኛል አለ። ሌላው ድምፄ ዘግቷል አለ። ጠጁ እንኳ ሳያልቅ በጊዜ ተበተንን።