እትዬ እልፍነሽ ስልክ ያዘጉበት ሰርግ

እትዬ እልፍነሽ ሮም ውስጥ አዛውንት ሲጦሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው፣ ማዘዝ ግን ከዚያ በፊት የጀመሩ ሴት ናቸው። አዲስ አበባ የኖሩበት ግቢ ለአራት ቤተሰብ አንድ የመብራት ቆጣሪ ነበረው። አንዱ ካውያ ሲሰካ ሌላው ምድጃውን መንቀል አለበት፤ ካልነቀለ ግቢው ሁሉ ይጨልማል። «ንቀሉ!» እያሉ የሚጮኹት እሳቸው ነበሩ። ልማዱ ባሕር ተሻግሮ አብሯቸው መጣ።

ያን እሑድ አንድያ ልጃቸው ሄርሞን አዲስ አበባ ላይ ትዳራለች። ፔርሜሶአቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ለእድሳት ገብቶ አልወጣምና መሄድ አልቻሉም። የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ልጃቸው ከቤት ስትወጣ የዘመድ ጉልበት ስትስም ማየት። እዚያ ከዘመዶቹ መሀል የእሳቸው ወንበር ባዶውን ተቀምጦላቸዋል።

ስለዚህ እዚያው ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ስልክ ጠጋኙ አሌክስ ሱቅ ገብተው ኮምፒውተሩ ፊት ተሰየሙ። ሰርጉን ለከፈተው ሁሉ በቀጥታ የሚያሳየውን ገጽ ያዘጋጀው እሱ ነው። የማኅበራቸው ሃያ ሁለት ሴቶችም በየስልካቸው ከፍተው ያያሉ። ያልጋበዟት አስገደትን ብቻ ነው። አምና በድግስ መሀል «ወጥሽ ጨው በዝቶበታል» ስላሏት አኩርፋ ከማኅበሩ የስልክ ቡድን ወጥታለች።

ሙሽራዋ ብቅ ስትል ምስሉ ለአፍታ ተንገጫገጨ። እትዬ እልፍነሽ ማንን ጠይቀው! ስልካቸውን አንስተው ለቡድኑ በድምፅ አዘዙ፤ «ሴቶች፣ ዝጉ! ተጨናነቀብኝ!»

ሃያ ሁለቱም ዘጉ። ምስሉ ጭራሽ ቀጥ አለ፤ ሄርሞን አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች።

«ምን አደረጉ?» አለ አሌክስ።

«አዘጋኋቸዋ፣ ለእኔ ሰፋ እንዲልልኝ።»

አሌክስ ራሱን ያዘ። «ኧረ እትዬ፣ ይሄ መብራት አይደለም! የአዲስ አበባው መስመር ደካማ ስለሆነ የሚልከው ለጥቂት ሰው ነው። ከዚያ የደረሰው ሁሉ ቁራጭ ቁራጩን ለሌላው ያቀብላል። ተመልካች ሲበዛ ነው የሚፈጥነው። እርስዎ አቀባዮችዎን አባረሩ!»

እንባቸው መጣ። ክፈቱ ለማለት ደወሉ፤ ማን ያንሳ! ትእዛዝ አክባሪዎቹ ስልካቸውን ጭምር አጥፍተዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ቀን በገዛ አፋቸው ሊያመልጣቸው ሆነ።

ድንገት የሄርሞን እግር መሬት ነካ። ምስሉ ጠራ። ልጅቱ ባዶው ወንበር ፊት ተንበርክካ፣ እላዩ ላይ የተጣጠፈውን የእናቷን ነጠላ ሳመች። እትዬ እልፍነሽም ጉልበታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ገፋ አድርገው እያለቀሱ መረቁ።

«አሎራ፣ ታዲያ ከየት መጣ?» አሉ ሲረጋጉ።

አሌክስ የተመልካቾቹን ዝርዝር አየ። «አንድ ሰው ብቻ አልዘጋም። አስገደት ይላል።»

እትዬ እልፍነሽ ዓመት ሙሉ ያልነኩትን ቁጥር ደወሉ።

«አስገደት፣ እንዳትዘጊው!»

«ማን ዝጊ ብሎኝ! ቡድኑ ውስጥ የለሁ» አለች አስገደት፤ እሷም ታለቅሳለች። «ይልቅ ነጠላሽን ስትስም አየሽ?»

«አየሁ» አሉ እትዬ እልፍነሽ። እንባቸውን ጠርገው፣ «አስገደት… ወጡ እኮ ጨው አልበዛበትም ነበር።»