ጤነኛ የተባለው ድምፅ

ፕሮፌሰር ረጋሳ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ነክቶ አያውቅም ነበር። ተማሪዎቹ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ያንቀላፋውን ሳይቀር ይቀሰቅሳል። ቅጽል ስሙን ሲሰማ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። አያት አካባቢ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት እርሻ ላይ አባቱን ከማዶ እየተጣራ ያደገ ሰው በድምፁ ቢኮራ አይፈረድበትም።

ትምህርቱን ሁሉ የመቅዳት አመልም ነበረው። በካሴት ጀመረ፣ ወደ ቪዲዮ ካሜራ ተሻገረ፣ በኋላም በስልኩ። ሌላው አስተማሪ የተናገረውን እዚያው ክፍል ጥሎት ይወጣል፤ ረጋሳ ግን የሃያ ዓመት ንግግሩን በየዓመተ ምህረቱ ደርድሮ አስቀምጧል። ባልደረቦቹ ይስቁበት ነበር።

ሥራው መጀመሪያ ከምስልና ከድምፅ ጋር ብቻ ነበር፤ ኮምፒውተር አማርኛ ሰምቶ እንዲለይ ማስተማር፣ የደበዘዘ ቪዲዮ ማጥራት። ቀስ በቀስ ሐኪሞች በሩን ማንኳኳት ጀመሩ። የራጅ ፎቶ አመጡለት፣ አጥርቶ ሰጣቸው። ቀጥሎ ፓርኪንሰንን አመጡለት፤ እጅን የሚያስር፣ ድምፅን ቀስ እያለ የሚበላ የነርቭ በሽታ። ረጋሳ አንድ አንቀጽ የሚያነብን ሰው በስልክ ሰምቶ «ጤነኛ» ወይም «ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» የሚል ፕሮግራም ለመሥራት ስድስት ዓመት ፈጀበት።

ለማሽኑ መማሪያ የሚሆነው የሕሙማን ድምፅ ከሆስፒታል ተገኘ። የጠፋው የጤነኛ ድምፅ ነው። ሰው ድምፁን እንዲሁ አይሰጥም፤ «ምን ልታደርጉበት ነው?» ይላል፣ እውነቱን ነው። ያኔ ረጋሳ የራሱን መደርደሪያ አየ። በመቶ የሚቆጠር ሰዓት፣ ጥርት ያለ አማርኛ፣ የጎልማሳ ድምፅ። በገዛ እጁ «ጤነኛ» ብሎ ጻፈበትና ለማሽኑ ሰጠው። ራሱን ታማሚ ብሎ የሚጽፍ ማን አለ?

ታላቅ እህቱ አሰጋሽ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ወፈር ያለ ድምፅ ስላላት ስልክ ላይ ሰው ከረጋሳ ጋር ያምታታታል። አምና በርበሬ ስትሰፍር ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ያየችው ሐኪም ወደ ነርቭ ስፔሻሊስት ወረቀት ጽፎ ላካት፤ እሷ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን ይዛ ወንድሟ ዘንድ መጣች። ረጋሳ ስልኩን አውጥቶ አንቀጹን አስነበባት።

«ጤነኛ» አለ ስልኩ።

«አየሽ እትዬ፣ ድካም ነው። በየሆስፒታሉ አትንከራተቺ።»

«አንተ ካልክማ» አለችና ወረቀቱን ቀድዳ ጣለችው። ልትወጣ ስትል ከቦርሳዋ የተፈለፈለ ኮረሪማ አውጥታ ሰጠችው። «የዘንድሮው ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሽታ የለውም። ነጋዴው ጉድ ሠራኝ።»

ረጋሳ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «እውነትሽን ነው፣ ምንም የለውም።»

ነጋዴውን አንድ ላይ ረገሙት።

ዘንድሮ ረጋሳ ማይክሮፎን ጠየቀ። የቦሌ መንገድ ጩኸት በመስኮት እየገባ አስቸገረኝ አለ። ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ፊደልም እያደር አነሰ። ተማሪዎቹ «ፕሮፍ ማርከር እየቆጠበ ነው» ብለው ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጉርድ ሾላ ያለው ቤተ ሙከራው ሲደርስ የዶክትሬት ተማሪው ማኅደር ቆማ ጠበቀችው። ይህች ልጅ ያልገባትን ነገር አትተውም። ፕሮግራሙ በሽታቸው የተረጋገጠ አርባ ሰዎችን ሰምቶ አሥራ አንዱን ጤነኛ ማለቱ እንቅልፍ ነስቷት ከርሟል።

«ፕሮፍ፣ ከጤነኞቹ መሃል አንድ ድምፅ ሳወጣ ፕሮግራሙ ተስተካከለ። አርባውንም ለያቸው።»

«የማንን ድምፅ?»

ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። የረጋሳ ንግግሮች እሱ ራሱ እንደደረደራቸው በዓመተ ምህረት ተሰልፈዋል። የተስተካከለው ፕሮግራም ለየዓመቱ ቀለም ሰጥቷል፤ የድሮዎቹ አረንጓዴ፣ ማለትም ጤነኛ ናቸው። ከ2011 በኋላ ያሉት ቢጫ። ያለፉት ሦስት ዓመታት ቀይ።

«ማይክሮፎኑ ተበላሽቶ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ በር ላይ እንኳ አልደረሰም።

ማኅደር አንገቷን ደፋች። «ለታማሚዎቹ ከምናቀርበው ጥያቄ አንዱን ልጠይቅዎት? ሽታ ይሸትዎታል?»

ጥያቄውን ያዘጋጀው ራሱ ነው። በዚህ በሽታ አፍንጫ ከእጅ ቀድሞ እንደሚደክም ስንት ጊዜ አስተምሯል። ኮረሪማው ትዝ አለውና ፈራ። ፍርሃቱ መጀመሪያ ለራሱ ነበር፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ቀጥሎ ግን አሰጋሽ መጣችበት። ማሽኑ ጤናን የተማረው ከእሱ ነው፤ እሱን የመሰለ ሁሉ ጤነኛ ነው። ከአሰጋሽ በላይ ደግሞ ማን ይመስለዋል?

«ፕሮግራሙን ዛሬውኑ ዝጊው» አላት። «የሞከሩት ክሊኒኮች ሁሉ ይደወልላቸው። ስህተቱ የኔ ነው በያቸው።»

ሾላ ገበያ ሲደርስ አሰጋሽ ከጆንያዎቿ መሃል ተቀምጣለች። «መጣህ?» አለችው በደስታ፤ ፊቷ ግን እንደ ታማሚዎቹ ፊት ደርቆ አልፈካም። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው? አላስተዋለም።

«ይኸውልህ፣ ሦስተኛ ነጋዴ ቀየርኩ፤ ቅመሙ ግን ያው ነው።»

«እትዬ፣ ያ የሐኪም ወረቀት...»

«የቀደድኩት? ጤነኛ ነሽ ብለኸኝ የለ?»

«ተሳስቼ ነው። መለኪያው እኔ ነበርኩ። እኔ ራሴ ደግሞ ታምሜያለሁ።»

«ምን አልክ? ጮክ በል እንጂ፣ አይሰማም።»

ትንፋሹን ሰብስቦ ደገመላት። አንድ ዓመት እንዳባከነባት፣ ነገ ራሱ ሐኪም ዘንድ እንደሚወስዳት፣ ሽታ ማጣትም ከምልክቶቹ አንዱ እንደሆነ ነገራት። አሰጋሽ ጭልፋዋን አንስታ በርበሬ መስፈሯን ቀጠለች። እንዳላመነችው ገባው። ሬዲዮ ሲናገር ያላመነው ሰው ኖሮ አያውቅም ነበር።

በዚህ መሃል አንዲት ገበያተኛ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መጣች። «ውይ፣ ኮረሪማሽ እንዴት ያውዳል! ከወዲያ ጥግ ጎትቶ አመጣኝ እኮ!»

አሰጋሽ ከጆንያው ዝግን አድርጋ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው፤ ቆየች። ለወንድሟም ሰጠችው። እሱም ያዘው፤ ቆየ።

«ረጋሳ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ነጋዴውን እኮ በከንቱ ነው የረገምነው።»